የሰማይ ድምፅና የቆርቆሮ ጣሪያ

በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙ ቤት የሚነሣ ጥያቄ ነው። በመካነ ሰላም ከተማ፣ በዙሪያውም ባሉት በወግዲ፣ በከለላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ የሚኖር ሰው፣ ቤቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራ ሆኖ፣ ሰማዩም ከራሱ በላይ ሰፊና ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ፣ ከሳተላይት የሚወርደው ድምፅ ግን ከደጅ ከተተከለው ዲሽና ከሳሎኑ ሣጥን አልፎ ወደ ጓዳው አልገባ ይለዋል። መኪና ያለው እንደ ሆነም በመኪናው ውስጥ ጭራሽ አይገኝለትም። ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ከሚገኘው ስፍራ ተነሥቶ የመጣ ድምፅ ከደጃፋችን ከደረሰ በኋላ ለምን ይቆማል? መንገዱን ሁሉ ጨርሶ ሲያበቃ በመጨረሻዋ ክንድ ላይ የሚያሰናክለው ምንድር ነው?

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ጥቂት ያስብ። በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት ከአልጋ የዋሉ እናት የሀገሩን ዜናና የጸሎቱን ድምፅ የሚሰሙት በዚሁ መሣሪያ ነው። እህል ጭኖ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣው ሾፌር፣ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጉንደወይን የሚሄደው መንገደኛ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ወሬ ርቆ የሚውል ነው። ገበሬውም ስለ ዝናብ የተነገረውን ትንበያ በጊዜው መስማቱና አለመስማቱ፣ ያጨደውን ከመከመርና በዝናብ ከማስበላት መካከል የሚለይበት ቀን አለ። ስለዚህ ድምፁ ወደ ቤት የሚገባበትን መንገድ ማወቅ ከቤት አስተዳደር አንዱ ክፍል ነው ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ የራዲዮ ሞገድ ሁሉ ጠባዩ አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። በ1927 ዓ.ም. የአቃቂው ጣቢያ ከተመረቀበት ጊዜ አንሥቶ አባቶቻችን የለመዱት የመካከለኛና የአጭር ሞገድ ራዲዮን ነው። የመካከለኛው ሞገድ ርዝመት በመቶ ሜትሮች የሚቈጠር ስለ ሆነ የኮረብታውን ጀርባ እየታከከ ያልፋል፤ አጭር ሞገድ የተባለው ደግሞ ከላይኛው አየር እየነጠረ ባሕር ማዶ ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ትንሿ ራዲዮን ከመደርደሪያ ላይ ተቀምጣ፣ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ ትናገራለች። ኤፍኤም የሚባለው ግን የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ተራራ ሲጋርደው ይደክማል፤ ይህንንም ከአንዱ ሸለቆ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ በጆሮው ያረጋገጠው ነው።

የሳተላይቱ ሞገድ ከዚህም እጅግ ያጠረ ነው። ቀደም ባለው ዘመን በእጅ በሚያዝ መቀበያ ይሰማ የነበረው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ዛሬ በዲሽ የሚመጣው ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። ሞገድ ባጠረ መጠን ጠባዩ የብርሃንን ጠባይ እየመሰለ ይሄዳል፤ ይኸውም በቀጥታ ይጓዛል፣ በጋረዱትም ጊዜ ከጋራጁ በስተ ኋላ ጥላ ይጥላል። በዚህ ላይ የሳተላይቱ ኃይል ከፀሐይ ብርሃን የሚገኝና መጠነኛ ሲሆን፣ ያንኑ በሰፊ አህጉር ላይ ስለሚበትነው፣ ከእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ድርሻ እጅግ የመነመነ ነው። እንግዲህ የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ የሳተላይት ድምፅ እንደ ዕጣን ሽታ በየስንጥቁ የሚገባ ሳይሆን፣ እንደ ፀሐይ ብርሃን ፊት ለፊት ከሚያየው ላይ ብቻ የሚያርፍ ነው።

የሳተላይት ራዲዮን ታሪክ ከሀገራችን ልጅ ስም ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በአዲስ አበባ ተወልደው በአሜሪካ ሕግ የተማሩት አቶ ኖህ ሳማራ፣ መጻሕፍትና ጋዜጣ ላልደረሰለት የአፍሪካና የእስያ ሕዝብ ዕውቀት በድምፅ ይድረሰው በማለት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ዎርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. አፍሪስታር የተባለው ሳተላይታቸው በደቡብ አሜሪካ ከሚገኘው ከኩሩ የመንኰራኵር ማስፈንጠሪያ ተነሥቶ ወጣ፤ ከምድር ወገብ በላይም በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ቦታውን ያዘ። መጋቢት 12 ቀን 1992 ዓ.ም. ደግሞ ለእስያ የተመደበው እስያስታር ተከተለው። መቀበያዎቹን እንደ ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ያሉት ታላላቅ ፋብሪካዎች ሠሩላቸው። ከዜናና ከዘፈን በቀር፣ ራኔት የተባለ ማኅበር የአየር ጠባይ ማስታወቂያን ወደ አፍሪካ ገጠር ለማድረስ በዚሁ ሳተላይት ተጠቀመ። እንዲህ ያለው ሐሳብ የሚመሰገን ነው።

ይሁን እንጂ መቀበያውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ይገጥመው ነበር። መሣሪያው ከጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ዝም ይላል፤ የመዳፍ ያህል ስፋት ያላት ጠፍጣፋ አንቴናው ግን ከነገመዷ ተነቅላ ወጥታ ወደ ሰማይ ስትቀና ይናገራል። ብዙ ሰው መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ተማርሯል። የተበላሸ ነገር ግን አልነበረም፤ የቆርቆሮው ክዳን እንደ መስተዋት የሞገዱን መልሶ መላክ ነበረ። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ብረትም እንዲህ ያለውን ሞገድ ጨርሶ አያሳልፍም። የላሜራ በርና የላሜራ መስኮት ሲዘጉ ያው ነው። የጭቃ ግድግዳና የድንጋይ ግንብ ኃይሉን አድክመው ያስቀሩታል። ደረቅ የሣር ክዳን ጥቂት ያሳልፋል፤ በክረምት ዝናብ ሲርስ ግን እርሱም ይነፍጋል። መስተዋት ብቻ ደኅና አድርጎ ያሳልፋል። እንግዲህ የድሮው ጎጆ ከዛሬው ባለ ቆርቆሮ ቤት ይልቅ ለሳተላይት ራዲዮን የተሻለ ነበረ ማለት ነው፤ ለዝናቡ ግን ያው ቆርቆሮው ይሻላልና ክዳናችንን እንለውጥ አንልም።

ታዲያ መስኮት ያለው ቤት ሁሉ ይሰማልን? አይሰማም። እዚህ ላይ የሰማዩን አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመካነ ሰላም ሆኖ በሒሳብ ለሚመለከት ሰው፣ አፍሪስታር የነበረበት ቦታ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ይህ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ለቀትር የቀረበች ፀሐይ የምትቆምበት ከፍታ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ሳተላይቱን የሚጋርደው ተራራ አይደለም። በበሽሎ ሸለቆ ወይም በዓባይ በረሃ እንኳ ቢሆን ገደሉ ከግድግዳ ያልተለየ ቀጥ ያለ ካልሆነ በቀር 66 ዲግሪ አይሞላም። የሚጋርደው የቤቱ የራሱ ክፍክፍ ነው። አንቴናው ከክፍክፉ ጫፍ አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ ከክፍክፉ ጫፍ ወደ ውስጥ ከ45 ሳንቲ ሜትር በላይ የራቀ እንደ ሆነ ሰማዩን አያየውም። በመስኮቱ ደፍ ላይ ያኖረው ሰው ያልሰማበት፣ ጎረቤቱ በረንዳው ጫፍ ላይ አኑሮ የሰማበት ምክንያት ይህ ነው። ተራራውን ሲያማርር የኖረ ሰው ቀና ብሎ የገዛ ጣሪያውን ቢያይ ኖሮ መልሱን ባገኘው ነበር።

የመኪናው ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም። መኪና በአራት ጎማ የሚሄድ የብረት ቤት ነው። መቀበያው ከሾፌሩ አጠገብ ሲሆን አንቴናው ግን ከአናቱ ላይ፣ ከላይም ምንም ሳይጋርደው መሆን አለበት። ይህም ቢደረግ መኪናው በባሕር ዛፍ መካከል ሲያልፍ፣ ከተጫነ አይሱዙ ጎን ሲቆም፣ ከድልድይ ሥር ሲገባ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ይህ ድምፅ ቀስ በቀስ የሚደክም ሳይሆን፣ ወይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ወይ ጨርሶ የሚጠፋ ነውና።

አሜሪካኖች ይህን ችግር ምን አድርገው አቃለሉት? በ1994 ዓ.ም. ኤክስኤምና ሲሪየስ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች በተለይ ለመኪና የታሰበ የሳተላይት ራዲዮን ጀመሩ። በዋሽንግተን የሚነዳ ኢትዮጵያዊ የታክሲ ሾፌር ከሰሜን ሆኖ ስለሚመለከት፣ ከምድር ወገብ በላይ የቆመው የኤክስኤም ሳተላይት ለእርሱ ከ45 ዲግሪ ያነሰ ከፍታ ነበረው፤ ረጃጅሞቹ ፎቆችም ይጋርዱት ነበር። ኤክስኤም ስለዚህ በየታላላቁ ከተማ በምድር ላይ ረዳት ማሠራጫዎችን ተከለ፤ ከሁለት ሳተላይቶችም ያንኑ ድምፅ በጥቂት ሴኮንድ ልዩነት እየላከ፣ በአንዱ ያመለጠው በሌላው እንዲሞላ አደረገ። ሲሪየስ ደግሞ ሦስት ሳተላይቶችን በተንጋደደ ምሕዋር አሽከርክሮ፣ ለአሜሪካ ሰማይ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ከፍታ እንዲኖራቸው አደረገ። ሁለቱ ኩባንያዎች በ2000 ዓ.ም. ተዋሕደው አንድ ሆኑ። ልብ በሉ፤ እነርሱ በብዙ ወጪና በብዙ ጥበብ ያገኙትን ከፍታ፣ ለወሎ ደጋ ሰው ለምድር ወገብ ቅርብ መሆኑ ብቻ ያለ ዋጋ ሰጥቶት ነበረ። ለመኪና የሚሆነው ረዳት ማሠራጫ ግን በሀገራችን አልተተከለም።

አሁን ወደ አፍሪስታር ፍጻሜ እንመለስ፤ ከዚህ ጉዳይ የሚገኘው ታላቁ ትምህርት ከዚያ ላይ ነውና። በመጀመሪያ ያለ ክፍያ ይሰሙ የነበሩት ጣቢያዎች ከጊዜ በኋላ አብዛኞቹ በክፍያ ብቻ የሚከፈቱ ሆኑ። መሣሪያው ለድኻው ታስቦ ሳለ የመቀበያው ዋጋ ለገበሬ ቤት የሚቀመስ አልነበረም። ደንበኛውም እንደ ታሰበው ስላልበዛ የኩባንያው ዕዳ ከገቢው በለጠ፤ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ፤ በ2002 ዓ.ም.ም አገልግሎቱ ለደንበኞቹ ተቋረጠ። ሳተላይቱ ከሰማይ አልወደቀም፤ መሣሪያዎቹም አልተሰበሩም፤ ነገር ግን በየቤቱ ያሉት መቀበያዎች በአንድ ጊዜ ዲዳ ሆኑ። ሌላ ሳተላይት እንዲሰሙባቸው ቢፈለግም አልተሠሩበትምና አይችሉም። ርቀቱ፣ ተራራውና ዝናቡ ያላቋረጡትን ድምፅ የሒሳብ መዝገብ አቋረጠው።

ስለዚህ በዛሬው ገበያ «ሳተላይት ራዲዮ» እየተባለ ያረጀ የዎርልድስፔስ መቀበያ የሚቀርብለት ሰው ቢኖር፣ ምንም ቢያምር ገንዘቡን አያውጣበት። አዲስ መሣሪያም ሲገዛ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ መሣሪያ ከአንድ ኩባንያ በቀር ሌላ መስማት ይችላልን? በየወሩ የሚከፈል አለበትን? ኩባንያው ቢዘጋ መሣሪያው ለምን ይጠቅመኛል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ያልተመለሱለት ሰው፣ ከነጋዴው ፊት ሳይሆን ከቤቱ ገንዘብ ፊት ማፈር ይገባዋል።

ዛሬ በደጋው ቤቶች ያለው የሳተላይት ድምፅ የሚመጣው በቴሌቪዥኑ ዲሽ ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት በተባለው ስምምነት ኤንኤስኤስ 12 ወደ ተባለው ሳተላይት ገቡ፤ ይህም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። የሚያስደንቀው ነገር፣ ከመካነ ሰላም ሲታይ አፍሪስታር በደቡብ ምዕራብ በኩል የነበረውን ያህል፣ ይህኛው በደቡብ ምሥራቅ በኩል 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ የተባለው የክፍክፍ ነገር ለዚህም ይሠራል፤ ዲሹ ከክፍክፍ ሥርና ከዛፍ ጥላ መውጣት አለበት። በሪሲቨሩ መቈጣጠሪያ ላይ «ራዲዮ» የሚል ቁልፍ ይገኛል፤ ይህንም ሲጫኑት በዚያው ሳተላይት የሚያልፉት የራዲዮን ጣቢያዎች ይወጣሉ። ብዙ ቤት ይህን ቁልፍ ከገዛው ጀምሮ ነክቶት አያውቅም።

ዲሽ የሚተከልበትን ስፍራ ያለ መሣሪያ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ፀሐይ ራሷ ምልክት ትሆነዋለች። በመስቀል ሰሞን፣ ማለት በመስከረም 17 ቀን ገደማ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ፀሐይ በመካነ ሰላም ሰማይ ላይ ኤንኤስኤስ 12 ባለበት አቅጣጫ ትደርሳለች። በመጋቢት 6 ቀን ገደማ ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ እንዲሁ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት ዲሹ የሚተከልበት ስፍራ ፀሐይ የመታው እንደ ሆነ ሳተላይቱም ያየዋል፤ ጥላ ያረፈበት እንደ ሆነ ያ ጥላ የሳተላይቱም ጥላ ነው። ጥላውን የጣለው ቅርንጫፍ ከሆነ ይቈረጥ፤ ክፍክፍ ከሆነ ዲሹ ይነሣ። በነዚሁ ቀኖች በዚያ ሰዓት ሥዕሉም ድምፁም ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ አትደንግጡ፤ የፀሐይ ኃይል የሳተላይቱን ደካማ ድምፅ ውጦት ነው እንጂ የተበላሸ ነገር የለም። ቴክኒሻን ጠርታችሁም ገንዘብ አታውጡ።

ክረምትም የራሱ ጠባይ አለው። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነው ሞገድ በወፍራም ዝናብ ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል፤ ዶፉ ሲያባራ ይመለሳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቶሎ የሚጠፋበት ቤት ግን ዲሹ ጥቂት የተዛነፈ ወይም የገመዱ መጋጠሚያ ውኃ የገባበት ሊሆን ይችላልና ይታይለት። መጋጠሚያው በፕላስቲክ ይጠቅለል። መብረቅ በሚበዛበት በዚህ ደጋ ነጎድጓድ ገና ከሩቅ ሲሰማ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩንም ከመብራቱ ነቅሎ ማራቅ ከሁሉ ይበልጣል። በዝናብ ጊዜ ዲሽ ለማስተካከል ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ልጅም ማስወጣት፣ ጨርሶ የተከለከለ ይሁን። ምንም ዜና ቢያመልጥ ከሰው ሕይወት አይበልጥም።

ድምፁ ጣሪያውን አልፎ ከገባ በኋላ ግን ሌላ ግድግዳ ይጠብቀዋል፤ ይህም ከቆርቆሮው የሚብስ ነው። ሪሲቨሩ ያለው በሳሎን ነው፤ መቈጣጠሪያውም በአባወራው ወይም በጐረምሳው እጅ ነው። እናትየዋ በማድ ቤት ጭስ ውስጥ ናት፤ አያትየዋ በጓዳ ተኝታለች። የሳሎኑ ድምፅ ለነርሱ የሚደርሰው እንደ ጉርምርምታ ብቻ ነው። «ዛሬ ምን ተባለ?» ብለው ሲጠይቁም «ምንም» ይባላሉ። ከሰማይ ያን ያህል ርቀት ተጕዞ የመጣውን ዜና ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ያለው 10 እርምጃ ያስቀረዋል። ብዙውን ጊዜ ለዝናቡም፣ ለገበያውም፣ ለልጆቹ ክትባትም የሚነገረውን ማስታወቂያ ከሁሉ አስቀድማ መስማት የሚገባት ግን እርሷው ናት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሪሲቨሩ ጀርባ ቀይና ነጭ የድምፅ ቀዳዳዎች አሉ። ከነርሱ ተነሥቶ ቀጭን ገመድ በግድግዳው ጥግ ተስቦ በጓዳው ወይም በማድ ቤቱ ለተቀመጠ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ቢደርስ፣ ሁሉም ቤተ ሰብ በያለበት ይሰማል። የጣቢያው ቁጥር ከተያዘ ቴሌቪዥኑ ሳይበራ ድምፁን ብቻ መስማትም ይቻላል፤ መብራትም ይቈጥባል። በመብራት መጥፋት ለሚቸገር ቤት በ12 ቮልት የሚሠራ ሪሲቨር ከባትሪና ከፀሐይ ኃይል ጋር ማገናኘት ይቻላል። ታማሚ ላለበት ቤት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ድምፅ ማጉያው ከአልጋው አጠገብ ይሁን፤ ማጥፊያውና ማብሪያውም በታማሚው እጅ ይሁን። ሰው ቢታመም ጆሮው አልታመመምና፣ የሚሰማውን የመምረጥ መብቱ ሊነሣበት አይገባም።

ለመኪናውስ ምን ይደረጋል? ዲሽ በሚሄድ መኪና ላይ ተጭኖ አንድን ሳተላይት ሊከተል አይችልም፤ ለዚህ የሚሠሩት ልዩ መሣሪያዎችም ለተራ መንገደኛ የሚሆኑ አይደሉም። ነገር ግን ብዙዎቹ ሪሲቨሮች የሚተላለፈውን በፍላሽ ላይ የመቅዳት ችሎታ አላቸው። ማታ በቤት የተላለፈው ትምህርት ወይም መዝሙር ተቀድቶ ቢያድር፣ ጠዋት ሾፌሩ ፍላሹን በመኪናው ራዲዮን ላይ ሰክቶ እስከ ደሴ ይሰማዋል። የመኪናው ራዲዮን ፍላሽ የማይቀበል አሮጌ ከሆነ፣ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ቀዳዳ የምትሰካ ትንሽ የኤፍኤም አስተላላፊ ያንኑ ድምፅ ወደ መኪናው ራዲዮን ታደርሳለች። ሰማዩ ወደ መኪናው ካልገባ ከሰማይ የተገኘውን ከቤት ሰንቆ መሄድ ነው፤ መንገደኛ ስንቁን ከቤቱ ይዞ መውጣቱ በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ብቻ ፍላሹ ሳይነሡ በፊት ይሰካ፤ ወደ ዓባይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ አንድ እጅ በመሪው፣ አንድ እጅ በራዲዮኑ መሆን አይገባም።

በመጨረሻ ስለ አሮጊቷ ራዲዮን አንድ ቃል እንናገራለን። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ ዲሽ ከገባ ወዲህ ትንሿ የባትሪ ራዲዮን በየቤቱ ተንቃ ከቆጥ ላይ ወጥታለች። ኋላም የእጅ ስልክ መጣና ዲሹም ራሱ በተራው ተናቀ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የስልኩ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ በስልኩ ብቻ ይሰማ የነበረው ሰው ጆሮው ተዘጋ፤ ዲሽ ያለው በዲሹ፣ ራዲዮን ያለው በራዲዮኑ ሰማ። አፍሪስታርን የተማመነ በ2002 ዓ.ም.፣ ስልኩን የተማመነ በ2015 ዓ.ም. አንድ ዓይነት ትምህርት ተማረ። ያችን ትንሽ ራዲዮን ከቆጡ አውርዳችሁ አቧራዋን ጥረጉላት፤ ባትሪዋም አፈትልኮ እንዳያበላሻት ከውስጧ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ። ከላይ የተናገርነውን የሰማዩን ድምፅ ሁሉ ያጣችሁ ቀን፣ በሩ ተዘግቶ፣ ክዳኑም ቆርቆሮ ሆኖ፣ እርሷ ትናገራለች።

እንግዲህ ነገራችንን ስንጠቀልል፣ የቤት ጌታና የቤት እመቤት ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ነው። ድምፁ ከሩቅ ስለ መጣ አይደለም የሚጠፋብን፤ የሚጠፋው ከቅርብ ባለው ነገር ነው። ክፍክፉ፣ የላሜራው መስኮት፣ የጠፋው ቁልፍ፣ ያልተመረመረው ውል፣ በሳሎንና በማድ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ፣ እነዚህ ሁሉ በእጃችን ያሉ ናቸው። ጆሮውን ወደ ደጅ አውጥታችሁ ሰማዩን አሳዩት፤ ድምፁን ደግሞ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ከሁሉ ይልቅ ለማይንቀሳቀሰው አድርሱት። በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ማን እንደሚሰማና ማን እንደማይሰማ አንድ ጊዜ ዞራችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያም ገመዱ ወዴት መሳብ እንዳለበት ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።